ስም ያልተጠራለት በሬ

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ በዓለም ላይ ሦስት ዓይነት ሥጋ እንዳለ በእርግጠኝነት አውቅ ነበር፤ የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋና የፖለቲካ ሥጋ። ሦስተኛውን ገና አልቀመስኩትም። መኖሩን ግን እኔና ጓደኛዬ ማዕረግ በራሳችን ጭንቅላት ደርሰንበታል፤ አሁን ሆኜ ሳስበው እንኳ፣ አላህ ይየው፣ ሐሳባችን ያን ያህል የሚያሳፍር አልነበረም።

ያደግንባት ግራር አምባ ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ የገበያ ቦታ ናት። ሙቀቷ አይጣል ነው፤ ከመንዝ ብርድ ገብስ ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች ገና ከመኪና ሳይወርዱ ጋቢያቸውን ያወልቃሉ። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ግራና ቀኝ ሆነው መንገዱን መካከል አድርገውታል። አባቴ ጀላሉ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባና ብረት ድስት የሚሸጥባት ሱቅ ነበረችው። በአንድ ግድግዳ የተጣበቀው ጎረቤታችን ደግሞ የማዕረግ አባት የጋሼ መኳንንት ወፍጮ ቤት ነው። ሁለቱ አባቶች አብሮ አደግ ናቸው፤ ሲጣሉም ሲታረቁም ያችኑ ግድግዳ በጡጫ እየደበደቡ ነበር የሚጠራሩት።

እኔና ማዕረግ የማንካፈለው ነገር አልነበረም። አንድ ማስቲካ በየተራ እናኝካለን፤ አንዳችን ስንገረፍ ሁለታችንም እናለቅሳለን። ሥጋ ሲመጣ ግን መለያየት ነው። ሠርግ ሲሆን የክርስቲያኑ ዳስ እዚህ፣ የእስላሙ ዳስ እዚያ፤ እሷ ከእናቷ ከእትዬ ደብሪቱ ጋር፣ እኔ ከእናቴ ጋር። እሷ ጉርሻዋን ከፍ አድርጋ ከዚያ ማዶ ታሳየኛለች፣ እኔም የኔን አሳያታለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም እንጎርሳለን። ማንም አልተቆጣንም፣ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳንም፤ ነገሩ ስንወለድ የነበረ ነው። እኔ ግን አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ከእሷ ጋር ከአንድ ትሪ ሥጋ መብላት እመኝ ነበር።

አባቴ አራጅም ነበር። እንጀራው ሱቁ ነው፤ ክብሩ ግን ቢላዋው ነው። የግራር አምባ እስላም የዒድ በጉን፣ የሠርግ ሰንጋውን፣ ልጅ ሲወለድ የሚታረደውን አቂቃ የሚያሳርደው እሱን ጠርቶ ነው። ክርስቲያን ሲድርም ለእስላም እንግዶቹ የሚታረደውን የሚያርደው እሱ ነው። "ጀላሉ ነው ያረደው?" ይላሉ ሰዎች ከትሪ ፊት ሲቀርቡ። አዎ ከተባለ እጃቸውን ይሰዳሉ፤ ሌላ ጥያቄ የለም።

ታዲያ የምርጫው ዓመት መጣና አባቴና ጋሼ መኳንንት ባንድ ፓርቲ ለወረዳ ምክር ቤት እጩ ሆኑ። ዛሬ ነገሩ ይገባኛል፤ ፓርቲው አንድ ከመስጊድ፣ አንድ ከቤተ ክርስቲያን ብሎ ቆጥሮ ነው ያስገባቸው። እነሱም እያንዳንዳቸው "እሱ ከገባ እገባለሁ" ብለው፣ ማን ቀድሞ እንደገባ ሳይታወቅ ሁለቱም ገብተው ተገኙ። ያኔ ግን ፎቶአቸው ጎን ለጎን በየግድግዳው ሲለጠፍ ሁለቱ አባቶች በመጨረሻ ወንድማማች ተደርገው የተመዘገቡ መሰለኝ፤ እኔና ማዕረግም እህትማማች ሆንን ብዬ ለሦስት ቀን በደስታ ሰከርኩ።

ገበያው ግን እንደኔ አልሰከረም። ተፎካካሪዎቹ ወሬ ይረጫሉ። "ጀላሉ ካለፈ ወፍጮ ቤቱ ዓርብ ዓርብ ይዘጋል" ይላል አንዱ። "መኳንንት ካለፈ መስጊዱ ቧንቧ አይገባለትም" ይላል ሌላው። የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ይሥሐቅ ጋሼ መኳንንትን አስጠርተው "ለመሆኑ ይህ ፓርቲ የማን ነው? የእነሱ ነው ይባላል" አሉት። የመስጊዱ ሼኽ ሙሐመድያሲን በዚያው ሳምንት አባቴን አስጠርተው ያንኑ ቃል በቃል ጠየቁት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደግሞ ማታ ማታ ከሱቃችን ደጅ ባንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው የጉልበት ሕመም ሲያወሩ ነው የሚያመሹት፤ አንዳቸውም ስለ ፓርቲው ቃል አይተነፍሱም።

ይህን ወሬ እንዲያጠፋ ከላይ አንድ ካድሬ ተላከ፤ አቶ በዕውቀቱ ይባላል። ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ከደረት ኪሱ ሦስት እስክሪብቶ አይጠፋም፤ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም አያወልቅም። ከዋርካው ሥር ሰው ሰብስቦ፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ "ሃይማኖትና ፖለቲካ አይቀላቀሉም! ሃይማኖት ለብቻው፣ ፖለቲካ ለብቻው!" እያለ ጮኸ።

እኔና ማዕረግ ዋርካው ሥር ላይ ተቀምጠን ተያየን። የማይቀላቀል ነገር ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። የእስላም ድስት ከክርስቲያን ድስት አይቀላቀልም። ፖለቲካም ከሁለቱም የማይቀላቀል ከሆነ የራሱ ድስት አለው ማለት ነው።

"ታዲያ የፖለቲካ ሥጋ ማን ነው የሚበላው?" አለች ማዕረግ።

"ፖለቲከኛ ነዋ።"

"ፖለቲከኛ ማን ነው?"

"አባትሽና አባቴ።"

ማዕረግ ትንሽ አሰበች። "እኛስ?"

"እኛማ ልጆቻቸው አይደለን? እንበላለን!"

እዚያው አጨበጨብን። ሕዝቡም ለንግግሩ የተጨበጨበ መስሎት አብሮን አጨበጨበ፤ አቶ በዕውቀቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

ሳምንቱ ፋሲካ አልፎ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ነበር። ፓርቲው ለቅዳሜ ገበያ ድግስ አሰበና አንድ ቀይ ሰንጋ መጣ። አንድ ብቻ። ሼኽም መሪጌታም በየፊናቸው "በሬውን ላንዱ ወገን፣ ለሌላው ሁለት በግ አድርጉ፤ ሲደረግ የኖረ ነው" ብለው መከሩ። አቶ በዕውቀቱ አሻፈረኝ አለ። ድግሱን ለሁለት መክፈል ሕዝብን ለሁለት መክፈል ነው። በሬው አንድ ነው፣ ፓርቲው አንድ ነው፤ ስለዚህ ሰንጋው በማንም ስም ሳይሆን ዝም ተብሎ ይታረዳል። ጀላሉ ያርዳል፣ መኳንንት ቀንድ ይይዛል፣ ፎቶ ይነሣል።

ዓርብ አባቴ ከመግሪብ ሶላት ሲመለስ እኔ የቤት ሥራዬን የምሠራ መስዬ ጆሮዬን አቁሜ ነበር።

"ያለ ስም?" አለች እናቴ ሲዲቃ። የያዘችው ማሰሮ ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

"ያለ ማንም ስም። ከንፈርህ እንዳይንቀሳቀስ አለኝ።"

"ጀላሉ! እጅህ እኮ ነው! ያለ ቢስሚላህ አረደ ከተባልክ ከእንግዲህ ማን ካንተ እጅ ይበላል? ሼኽስ ምን ይሉሃል?"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ድምፄን አውጥቼ ቢስሚላህ ካልኩ ደግሞ መኳንንት ምን ይሁን? 'ፓርቲህን እስላም ወሰደው' ብለው ወገኖቹ ያባርሩታል። ልጅነቴን ሙሉ የማውቀውን ሰው በገበያ መሀል ላዋርደው?"

እናቴ ማሰሮውን አስቀመጠች። "በሆድህ በላ እንግዲያ። ጥርስህን ነክሰህ፣ ለራስህና ለአላህ ብቻ።"

አባቴ "በሆዴ እላለሁ" አለ። ግን ድምፁ ደስ አይልም ነበር።

እኔ የገባኝ ምንድን ነው? እስላም ሲያርድ ቢስሚላህ ይላል፤ ክርስቲያን ሲያርድ በስመ አብ ይላል፤ ፖለቲካም የራሱ የሚባል ነገር አለው፤ አባዬ እሱን ገና አላጠናውም። የተጨነቀው ለዚህ ነው ብዬ አሰብኩ። ያልገባኝ ብዙ ነው፤ አንድ ነገር ግን በደንብ ገብቶኛል። ነገ አንዲት ነገር ከተበላሸች ከአባዬ እጅ የሚበላ ሰው አይኖርም። በዚያ ዕድሜዬ ከዚያ የሚከፋ ነገር አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገበያው በሙሉ ወፍጮ ቤቱ ፊት ተሰበሰበ። እኔና ማዕረግ የወፍጮ ቤቱ የድንጋይ አጥር ላይ ወጥተን ተቀመጥን፤ የፓርቲው ባነር ከእግራችን ሥር ነበር የተሰቀለው። መጀመሪያ በሬው ወዴት ይዙር የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። ወደ ሰሜን ቢዞር ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ነው፣ የእስላም ሊሆን ነው። ወደ ምሥራቅ ቢዞር የክርስቲያን ሊሆን ነው። አቶ በዕውቀቱ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ አሰበና "ወደ ባነሩ አዙሩት!" አለ። በዚህ ምክንያት በሬው ወደ እኔና ወደ ማዕረግ ዞረ።

ጎረምሶች እግሮቹን ያዙ፤ ሁለት ከእስላም፣ ሁለት ከክርስቲያን፤ አቶ በዕውቀቱ ራሱ ነው የቆጠራቸው። ጋሼ መኳንንት ቀንዱን ያዘ። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ቀረበ። ሼኽ ሙሐመድያሲን በአንድ በኩል፣ መሪጌታ ይሥሐቅ በሌላው በኩል ወንበር ተሰጥቷቸው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው የአባቴንና የጋሼ መኳንንትን ከንፈር ያያሉ። ሁለቱም ከክንድ የራቀ ነገር አያዩም፤ ግን ያያሉ።

እኔም ከንፈር ከንፈር እያየሁ ነበር። አባዬ የሚለው ጠፍቶት እንዳያፍር፣ ከአጥር ላይ ሆኜ ልነግረው የምችል ይመስል ተንጠራርቻለሁ። ቢላዋው ከፍ አለ። ይህን ጊዜ አቶ በዕውቀቱ ንግግሩን ሊጀምር ወደ መጣባት ፒክአፕ ሄዶ ኖሮ፣ ከመኪናዋ ላይ የተጫነው ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ እሪ ብሎ ጮኸ።

"ሄሎ! ሄሎ! አንድ! ሁለት! ሦስት!"

በሬው ዘለለ፣ ጋሼ መኳንንት "እ!" አለ፣ የአባቴ እጅ ሄደ። አለቀ። ደሙ ባነሩ ላይ ሳይቀር ተረጨ።

እኔ እፎይ አልኩ። አየሽ፣ አልኩ በልቤ፣ አባዬ ካላጠናው አቶ በዕውቀቱ አሉለት! የማዕረግን እጅ ጨበጥኩ። "ሰማሽ አይደል? የፖለቲካው እሱ ነው" አልኳት። እሷም ቃሉን እንዳትረሳው በሹክሹክታ ደገመችው።

ሥጋው የተቀቀለው ከአባቴ ሱቅ በመጡ ገና ወረቀታቸው ያልተላጠ ብረት ድስቶች ነው፤ የእስላምም የክርስቲያንም እጅ ያልነካቸው እንዲሆኑ። አቶ በዕውቀቱ እንግዶቹን አንድ እስላም አንድ ክርስቲያን እያደረገ እንደ መቁጠሪያ ደረደራቸው። እጅ ታጠበ። ትሪ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ምንም አልሆነም።

ማንም አልበላም። "እርስዎ ይቅደሙ እንጂ" ይላል አንዱ። "ኧረ እርስዎ፣ በሞቴ!" ይላል ሌላው። የታጠበው እጅ ደረቀ። ከወጡ የሚነሣው ትነት እየቀነሰ ሄደ፤ ዝንቡ ግን ማንንም ሳያስቀድም ገባበት። አንዱ ሽማግሌ ጥርሱን የታመመ መሰለ፤ ሌላው ድንገት የታሰረች አህያው ትዝ አለችው።

በመጨረሻ ሼኽ ሙሐመድያሲን ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ። "ልጄ በዕውቀቱ፣ አንድ ነገር ብጠይቅህ ትቀየመኛለህ?"

"ኧረ በፍጹም፣ ሼኽ!"

"ይህ ሥጋ የማን ነው?"

"የሕዝብ ነው!"

"ሕዝቡማ ይኸው እኛ ነን። በማን ስም ታረደ ነው የምልህ።"

"በማንም! ሃይማኖትና ፖለቲካ..."

"በማንም?" አሉ መሪጌታ ይሥሐቅ ከወዲያ በኩል። "እንዲያው በደረቁ? በስመ ሥላሴ!"

ከዚያ ከኋላ አንዱ ነገረኛ ተነሣና "ውሸት ነው! ጀላሉ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ የእስላም አድርጎታል!" አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ "ምን የእስላም! መኳንንት ሲያማትብ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!" አለ። "ሁለት እጁ ቀንድ ላይ አይደል እንዴ፣ በምን እጁ ነው ያማተበው?" ተባለና ጫጫታው ጦፈ። የተደረደረው መቁጠሪያ እየተፈታ፣ እስላሙ ወደዚህ፣ ክርስቲያኑ ወደዚያ ማዘንበል ጀመረ። አቶ በዕውቀቱ "ወገኖቼ! ወገኖቼ!" ይላል፤ የትኞቹን ወገኖቹን እንደሚጠራ ለራሱም የገባው አይመስለኝም።

ሼኽ ሙሐመድያሲን በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ። "ዝም በሉ! ጀላሉ፣ አንተ ተናገር። አላህን ጠርተሃል ወይስ አልጠራህም?"

አባቴ ብድግ አለ። ጠርቻለሁ ካለ ክርስቲያኑ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ጋሼ መኳንንት ከሰው በታች ይሆናል። አልጠራሁም ካለ የራሱ ሰዎች ዳግመኛ ከእጁ አይበሉም። ጋሼ መኳንንትን አየው፤ ጋሼ መኳንንት ጫማውን ያያል። እናቴ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ጭናለች። አባቴን እንደዚያ ግራ ተጋብቶ አይቼው አላውቅም፤ ላቡ በጺሙ ላይ ሲንጠባጠብ ይታየኝ ነበር።

"እነዚህ ሁለት ልጆች እኮ ከበሬው ራስ በላይ ነበሩ" አለች አንዲት ሴት። "ከእነሱ የቀረበ ማን አለ?"

"እውነቷን ነው" አሉ መሪጌታ። "አንዷ የእናንተ፣ አንዷ የእኛ። ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ነይ እስቲ፣ ማዕረግ!"

ማዕረግ ተንሸራታ ከእናቷ ቀሚስ ሥር ተወሸቀች። እኔ ብቻዬን አጥሩ ላይ ቀረሁ። ገበያው በሙሉ ወደኔ ዞረ።

"ሀስና፣ የኔ እናት" አሉኝ ሼኽ ሙሐመድያሲን፣ "አትፍሪ። በሬው ሲታረድ ስም ሲጠራ ሰምተሻል?"

"አዎ፣ ሰምቻለሁ።"

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

"ማን ነው የጠራው?"

"አቶ በዕውቀቱ ናቸው።"

አቶ በዕውቀቱ መነጽሩን አወለቀ። ያን ቀን ነው ዓይኑን መጀመሪያ ያየሁት። ሼኽ ወደኔ ጠጋ አሉ። "ምን ብሎ?"

ቃሉ ክቡር ነውና ቆሜ፣ ቀሚሴን አስተካክዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" አልኩ።

ከዚያ የሼኽ ሙሐመድያሲን ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። መሪጌታ ይሥሐቅ ወንበራቸውን ጨብጠው ትንሽ ታገሡና "እንግዲህ ሦስት ካለ ወደኛ ያጋደለ ነው" አሉ።

"የለም፣ የለም፣ አንድ ብሎ ነው የጀመረው!" አሉ ሼኽ እንባቸውን እየጠረጉ። "እዚያው ላይ ቢያቆም ኖሮ የኛ ነበር።"

"አንዱም ሦስቱም እኛ ዘንድ አለ፣ ሼኽ። ያስቸገረችን ሁለቷ ናት።"

"ሁለቷማ የካድሬው ትሁን!"

ሕዝቡ ፈነዳ። ሆዱን የያዘ፣ መሬት ላይ የተንከባለለ፣ የጎረቤቱን ጀርባ የሚደበድብ። ሲጯጯሁ የነበሩት ሁለቱ ነገረኞች ተቃቅፈው ይስቃሉ። አባቴ እንደቆመ ዓይኑን ገልጦ አየኝ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሳቀ። እኔ ብቻ ነኝ የማልስቀው። እንዲያውም አለቀስኩ። እውነቴን ነው እኮ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እውነት ተናግሬ ተሳቀብኝ።

ወዲያው ጋሼ መኳንንት ከቤቱ አንድ በግ አመጣ፤ አባቴም አንድ አመጣ። አባቴ የራሱን ሲያርድ ቢስሚላሂ አላሁ አክበር ያለበት ድምፅ ጀማ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። ጋሼ መኳንንትም የራሱን ሲያርድ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ያለው ከዚያ ባልተናነሰ ድምፅ ነው። ያኔ እልህ ተጋብተው መስሎኝ ነበር። ሁለት ዳስ ሆነ፤ ሰዉ እንደ ልማዱ ተለያይቶ ተቀምጦ፣ ከዳስ ዳስ እየተጣራ፣ አንድ ሁለት ሦስት እየተባባለ ሲበላ ዋለ።

የበሬው ሥጋ ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ ተደርድሮ ቀረ። ማዕረግ ቀሚሴን ጎተተችኝ። "የኛ አይደል እንዴ?" አለች። የኛ ነበር። ሄድን፤ አንድ ትሪ ይዘን ከገለባው ክምር ጀርባ ተቀመጥን። "በይ እንጂ፣ ቃሉን በይ" አለችኝ። ሁለታችንም ባንድነት "ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" አልንና በላን። አጎረሰችኝ፣ አጎረስኳት። ከሠርግ ዳስ ማዶ ለማዶ ስንተያይበት የኖርነው ሁሉ ያን ቀን ተከፈለን። ለማንም ላንናገር ተማማልን፤ እሷ በማርያም፣ እኔ በቁርኣን።

የተረፈው ማታ ለጅብ ተጣለ። አቶ በዕውቀቱ ድግሱ በደመቀ ሁኔታ ተጠናቀቀ ብሎ ሪፖርት ጽፎ ሄደ አሉ። በምርጫው ማን እንዳለፈ ዛሬ ግራር አምባ ላይ ብትጠይቁ ሰዉ ይከራከራል፤ በሬውን ግን ሁሉም ያስታውሰዋል።

ከዚያ ወዲህ ስሜ "ብልሂቱ" ሆኖ ቀረ። ሰዉ ነገሩን እንዲህ አድርጎ ነው የያዘው፤ ጀላሉ በእርግጥ በሆዱ ቢስሚላህ ብሏል፣ ልጅቷ ሰምታለች፣ አባቷንም ጋሼ መኳንንትንም ላለማዋረድ ነገሩን በቀልድ አዞረችው። ሼኽ ሙሐመድያሲን እስኪሞቱ ድረስ ባዩኝ ቁጥር ጉንጬን ቆንጥጠው "አንቺ ዲፕሎማት!" ይሉኝ ነበር። ከአባቴ እጅ መብላት ያቆመ ሰው አልነበረም። እኔም አድጌ ነገሩ ሲገባኝ፣ ብልኅነት የሚባል ነገር በአጠገቤ እንዳላለፈ ለመናገር አፈርኩ። ሲመርቁኝ አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ።

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ አስተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ለዒድ ግራር አምባ ስወርድ እንደገና የምርጫ ወሬ ተነሥቷል፤ አዲስ ባነርም ተሰቅሏል። አባቴ አርጅቷል። ከሱቁ ደጅ ተቀምጦ ባነሩን ሲያይ ቆየና፣ ማንም ጠይቆት ሳይሆን "አላልኩም" አለኝ።

"ምኑን?"

"ያን ቀን። ቢስሚላህ። በሆዴም አላልኩም። ልለው ነበር፤ አፌ ላይ ነበር። ያ ሞንታርቦ ሲጮህ ክው አልኩና ሁሉም ነገር ጠፋኝ፤ እጄ ሄደ። ለመኳንንት አምና ነገርኩት። እሱም በሆዱ ሊያማትብ አስቦ እንደነበር ነገረኝ፤ እሱም ጠፍቶታል።" ዓይኑን ከባነሩ ሳያነሣ ቀጠለ። "ለረሳ ሰው ይቅርታ አለው፣ ሀስና፤ ሼኽም ያስተማሩን ይህንኑ ነው። ያፈርኩት በመርሳቴ አይደለም። ካድሬ አስደንግጦኝ በመርሳቴ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አንቺ እኔን ለማዳን ዋሸሽ እያሉ ሲያመሰግኑሽ፣ እውነቱን የተናገርሽው አንቺ ብቻ መሆንሽን እያወቅሁ ዝም አልኩ።"

እጁን ያዝኩት፤ ያ ሀገር ያመነው እጅ ቀሎ ነበር። ያዘንኩለት ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ነገሩን ብቻውን ስለ ተሸከመው ነው። ብቻውን እንዳይሆን ብዬ የእኔንና የማዕረግን መሐላ አፈረስኩ።

"አባዬ፣ እኔና ማዕረግ በልተናል። ከዚያ በሬ። ከገለባው ጀርባ ተደብቀን፣ ከአንድ ትሪ።"

አባቴ ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ሊቆጣ መስሎኝ በሠላሳ ዓመቴ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘ፤ ከወፍጮ ቤቱ ደጅ ጋሼ መኳንንት አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋል። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ለመሆኑ" አለኝ በሹክሹክታ፣ "ይጣፍጥ ነበር?"